ከአራተኛ ወደ አንደኛ፦ አዳማ ላይ የተደረገ የኮንዶሚኒየም ቅያሪና የፎቅ ዋጋ

ሁለቱም ቤቶች ባለ ሁለት መኝታ ናቸው። ሕንፃው አንድ ነው፣ ደረጃውም አንድ። ካርታቸው ላይ ያለው ስፋት እኩል ነው። መስኮታቸው እንኳ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያየው፤ አንዱ በሌላው አናት ላይ ነው የተሠሩት። የሚለያቸው አንዱ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ሌላው አራተኛ ፎቅ ላይ መሆናቸው ነው። ሕንፃው ጂ ፕላስ ፎር ነው፤ ሊፍት የለውም። ቦታው አዳማ።

የአራተኛ ፎቁ ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጃቸው አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ በፍጥነት መንገዱ ቶሎ ቶሎ ትመጣለች፣ ግን እሷም በየቀኑ ልትገኝ አትችልም። የአንደኛ ፎቁ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለት ተማሪ ልጆች አሏቸው፣ ከቤቱ የባንክ ዕዳም ገና ያልጨረሱት አለ። እናትየው መውረድ ፈለጉ፤ ባልና ሚስቱ ደግሞ ጥሬ ብር ፈለጉ። ስለዚህ ቤት ለቤት ሊለዋወጡ፣ ከላይ የሚወርዱት ጭማሪ ሊከፍሉ ተስማሙ። የቀረው ጭማሪው ስንት ይሁን የሚለው ነበር። እኔ ቤት መገመት እንጀራዬ ስለሆነ መሐል ግባ ተባልኩ።

ነገሩ ለእኔ የተለየ የሆነበት ምክንያት አለ። ሁለት ኮንዶሚኒየም ተሽጦ ዋጋው ሲለያይ ልዩነቱ የፎቅ ይሁን የሌላ ነገር ለመለየት ያስቸግራል። አንዱ ሴራሚክ ተነጥፎለታል፣ ሌላው እንደተረከቡት ነው። አንዱ አስፋልት ዳር ነው፣ ሌላው ግቢው ውስጥ ገባ ብሎ ነው። አንዱ ሻጭ ቪዛ ወጥቶለት ተጣድፏል። እዚህ ግን ሌላው ሁሉ ተጣፍቶ የቀረው ሦስት ፎቅ ብቻ ነው። ጭማሪው የሦስቱ ፎቅ ዋጋ ነው ማለት ነው።

ባለቤቶቹ የብሩን መጠን እንዳላወጣው ስለጠየቁኝ የአንደኛ ፎቁን ቤት ዋጋ 100 ብዬ ልነሳ። ብሩ ራሱ በየጊዜው ዋጋው ስለሚቀያየር ለአንባቢም እንዲህ ይሻላል።

መጀመሪያ የሄድነው ደላላ ጋ ነው። አንዱ ደላላ አራተኛው 80 አይሞላም አለ፤ "ላይ ያለ ቤት ለማሳየት ራሱ ሰው አይመጣልኝም" ነው የሚለው። ሌላው 93 ብሎ ቆረጠ፤ "አየር ያለበት፣ ሌባ የማይደርስበት" እያለ። ቆይቶ እንደገባኝ የመጀመሪያው የገዢ ደላላ ነበር፣ ሁለተኛው ደግሞ እዚያው ብሎክ ላይ የሚሸጥ አራተኛ ፎቅ ይዟል። ደላላ የሚነግርህ ቁጥር የያዘው ቤት ቁጥር ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ራሳችን ብንበታትነው ይሻላል ተባባልን፤ ከላይ ያለው ቤት በምን በምን ነው የሚያንሰው?

እዚህ ላይ ስለ ሕንፃዎቹ ትንሽ ልበል። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የወጣው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ርካሽ ቤት ለማድረስ ነው። ስለዚህ የሚቀነስ ነገር ሁሉ ተቀንሷል። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ፎቁን የሚመርጠው ደግሞ ባለቤቱ ሳይሆን ዕጣው ነው። ዕጣ ሲወጣ መጀመሪያ "ደረሰሽ ወይ?" ይባላል፤ ከእልልታው በኋላ "ስንተኛ ፎቅ?"። እናትየው አራተኛ ሲደርሳቸው ገና ሥራ ላይ ነበሩ፤ ደረጃው ያኔ አልታያቸውም።

አሁንም ቢሆን ከደረጃው በፊት ያነሱት ውሃውን ነው።

የአዳማ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ ነው የሚመጣው። የሚመጣው ግን በፈረቃ ነው፤ በሚመጣበት ቀንም ግፊቱ እኩል አይደለም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈጃል። አንድ ፎቅ ወደ 3 ሜትር ነው። አራተኛ ፎቅ ወለሉ ብቻ ወደ 12 ሜትር ላይ ነው፤ የሻወሩን ራስ ስትጨምርበት 14 ይጠጋል። መስመሩ ላይ ያለው ግፊት አንድ ባር ብቻ ከሆነ አንደኛ ፎቅ ያለ ሰው ገላውን ሲታጠብ አራተኛ ፎቅ ያለው ቧንቧ አየር ብቻ ነው የሚተፋው። ከታች ያሉት ሁሉ ከፍተው እየተጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ለዚህ ነው ላይኛው ፎቅ ላይ ውሃ ሌሊት የሚመጣው። ሰው ተኝቷል፣ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቷል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል። እናትየው ማታ ሲተኙ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍተው ባዶ በርሜል ሥሩ ይደቅናሉ። ሌሊት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው የበርሜሉን ቂጥ ሲመታ እንደ ደወል ይቀሰቅሳቸዋል። ተነስተው በርሜሉን፣ ጄሪካኖቹን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሳይቀር ይሞላሉ። ሲነጋ ቤቱ ውስጥ ለመተላለፍ ጄሪካን መሻገር ያስፈልጋል። ልጃቸው ይህን ስትነግረኝ ምሬቷ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ያ ካልሆነ ደግሞ ማስወጣት ነው። ግቢው ውስጥ ውሃ የሚያመላልሱ ልጆች አሉ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። እነዚህ ልጆች የሚያስከፍሉት በፎቅ ነው፤ ለአራተኛ ፎቅ የሚጠይቁት የአንደኛውን እጥፍ ነው። ጫኝና አውራጆችም እንደዚሁ፦ ሶፋው ያው ሶፋ፣ ዋጋው በፎቅ። የደረጃን ዋጋ ከነሱ በላይ በትክክል የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ደላላው ገበያ ብሎ የሚያወራውን እነሱ ትከሻቸው ላይ ይዘውታል።

ታዲያ ውሃ የሚስተካከል ነገር ነው። መሬት ላይ ሮቶ ታስቀምጣለህ፣ ውሃው በመጣ ሰዓት እሱ ይሞላል፣ ከዚያ በትንሽ ፓምፕ ወደ ላይ ትገፋለህ። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ለአራተኛ ፎቅ ይበቃል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። አንደኛ፣ ፓምፑን በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት ነውር ነው፤ የጎረቤትን ውሃ መምጠጥ ነው፣ ጠብም ያመጣል። ሁለተኛ፣ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ግማሽ ቶን ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አይወጣም። መሬት ላይ ለማስቀመጥ ደግሞ ግቢው የጋራ ነው። በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የሁሉም ባለቤቶች ነው። ስለዚህ የማህበሩን ኮሚቴ ማስፈቀድ ግድ ነው።

ጉድጓድ ብንቆፍርስ ያለ የግቢ ሰው ነበር። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የወንጂንና የአካባቢውን ሰው ጥርስ ያየ ሰው ይህን አይረሳውም። ሐሳቡ እዚያው ቀረ።

የሮቶውን፣ የፓምፑን፣ የቧንቧውንና የሠራተኛውን ዋጋ ደምረን ስናየው ከ100ው ላይ 2 አካባቢ ሆነ። ባልና ሚስቱ ደነገጡ፤ የጠበቁት ብዙ ነበር። እኔም ብዙ ጊዜ የማየው ይኸው ነው። ሰው ውሃ የማይወጣበትን ቤት ሲያይ በልቡ ከዋጋው ላይ ግማሹን ያወርዳል፤ መድኃኒቱ ግን ከሶፋው ዋጋ ላይበልጥ ይችላል።

ቀጥሎ ሙቀቱ መጣ። አራተኛ ፎቅ አናቱ ላይ ያለው ቆርቆሮና ስስ ኮርኒስ ነው፤ አንደኛ ፎቅ አናቱ ላይ ያለው የሰው ቤት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ አዳማ ምን እንደምትሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከሰዓት በኋላ አራተኛ ፎቅ ገብቼ እጄን ወደ ኮርኒሱ ሳነሳ ሙቀቱ ሳልነካው ይሰማኛል። ምሽትም ቶሎ አይበርድም። በሌላ በኩል ላይ ነፋስ አለ። የአዳማን ነፋስ ለመመስከር ኮረብታው ላይ የተተከሉትን ተርባይኖች ማየት ይበቃል። መስኮት ከፍተህ አየር ማሳለፍ ትችላለህ፤ አቧራውንም አብረህ ታስገባለህ። ወባ ለሚፈራ ሰው ደግሞ ላይ ትንኝ ይቀንሳል፤ የአንደኛ ፎቆቹ ልጆች ያለ አጎበር ተኝተው አያውቁም።

ኮርኒሱን አውርዶ ሙቀት የሚከላከል ነገር አስገብቶ፣ ከጣሪያው ሥር አየር መውጫ ከፍቶ መመለስ ይቻላል። ጣሪያው የጋራ ስለሆነ ከውስጥ ብቻ ነው የሚነካው። ይህም ሲገመት 2 ያህል ሆነ። እንግዲህ ውሃና ሙቀት ተደምረው 4። የሚስተካከለው ይኼ ነው።

የማይስተካከለው ደረጃው ነው። በአንድ ፎቅ 18 መርገጫ፣ ለአራተኛ ፎቅ 72። ወጣት ሰው ይህን አይቆጥረውም። እናትየው ግን ቆጥረውታል፤ ከሁለተኛው ፎቅ በላይ እያረፉ ነው የሚወጡት፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታቸው በሩ ላይ ወንበር አስቀምጣላቸዋለች። ገበያ መሄድ ሲያስቡ ቀድመው የሚያስቡት መመለሱን ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ በሳምንት አንዴ ሆነ። እድራቸው ታች ሲሰበሰብ ከበረንዳ ሆነው ነው የሚያዳምጡት።

ሰው የማይናገረው ግን ሁሉም የሚያስበው ሌላም አለ። የታመመ ሰው በቃሬዛ በጠባብ ደረጃ እንዴት ይወርዳል? ልቅሶ ሲሆንስ? የፋሲካ በግ እንኳ ጣጣ ነው። አንድ ዓመት የእናትየው በግ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አልሄድም ብሎ ተኝቶ የአንደኛ ፎቁ አባወራ ነው ተሸክሞ ያደረሰላቸው። በድርድሩ መሐል ይህችን አንስቶ "ማዘር፣ እሱም ይታሰብልኝ" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ አራተኛን የሚያወርድ ነው። እናትየው ግን ዝም ብለው ገንዘብ የሚቆጥሩ ሰው አልነበሩም። "ልጆቼ፣ የእናንተም ቤት እንከን የለውም አትበሉኝ" አሉ። ልክ ነበሩ። የአንደኛ ፎቁ ቤት ሥር ምድር ላይ ያለው ሱቅ ግሮሰሪ ሆኗል። ማታ ሙዚቃው ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። ቅዳሜ ሌሊት ልጆቹ ለማጥናት ጆሯቸውን ይደፍናሉ። መስኮቱ ከመንገድ ስለሚደረስበት የብረት ፍርግርግ አሠርተዋል። ክረምት ላይ ጎርፍ ከኮረብታው ሲወርድ ግቢው ጭቃ ይሆናል፤ ያ ጭቃ እስከ አንደኛ ፎቅ ደረጃ በጫማ ይወጣል፣ አራተኛ ላይ ግን አይደርስም።

የፍሳሽ ነገር ደግሞ አለ። ከአራቱም ፎቅ የሚወርደው ፍሳሽ በአንድ ቁም ቧንቧ ነው የሚሄደው። ታች ያለው ማንሆል ሲደፈን ፍሳሹ መውጫ የሚፈልገው ዝቅተኛው ቤት ውስጥ ነው። እዚህ ብሎክ ላይ መጀመሪያ የሚቀምሰው ግሮሰሪው ነው፤ አንደኛ ፎቅ እስካሁን ተርፏል። ምድር ላይ መኖሪያ ቤት ባለበት ብሎክ ግን ይህን ሳይጠይቁ መግዛት ሞኝነት ነው። "ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም" ተብሎ የሚጨመረው ዋጋ በአንድ ክረምት ሊበላ ይችላል። እኔ ብጠየቅ በእንደዚህ ያለ ሕንፃ ምርጡ ፎቅ ሁለተኛው ነው፤ ከግሮሰሪው ራቅ ያለ፣ ከቆርቆሮውም የራቀ፣ ውሃም የሚደርሰው።

ድርድሩ እናትየው ቤት ነው የተደረገው፤ ቡናው የተፈላው በጄሪካን ውሃ ነበር። ባልና ሚስቱ 20 ጠየቁ። ልጅቷ 8 አለች። የእሷ ክርክር ኪራይ ነበር። ከጎን ባለው ደረጃ አራተኛ ፎቅ ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች ከታች ካለው ተከራይ እምብዛም ያነሰ አይከፍሉም። ታዲያ ኪራዩ ከተቀራረበ ዋጋው ለምን ይራራቃል? ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ገዢና ተከራይ አንድ አለመሆናቸው ነው። ተከራይ ጉልበቱን ሲያመው ይለቃል። ገዢ ግን ቤቱን ሲገዛ የሚያየው የሃያ ዓመት በኋላውን ራሱን፣ እናቱን፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ነው። መልሶ ሲሸጥም አራተኛ ፎቅን የሚያይ ገዢ ጥቂት ነው፤ ቤቱ ገበያ ላይ ይቆያል። ብር ለሚቸኩል ሰው መቆየቱ ራሱ ዋጋ ነው።

ሚስትየው ግን ሌላ ነገር ነበር የያዛት። "እማማ፣ እኔ ደረጃውን አልፈራም፤ ውሃ ተሸክሜ መውጣቱን ነው የምፈራው" አለች። ይህ ነገሩን ፈታው። እናትየው ሮቶውንና ፓምፑን ከጭማሪው ውጭ በራሳቸው ወጪ አስገጥመው እንዲያስረክቡ ተስማሙ። ኮሚቴውን ማስፈቀዱም በሳቸው በኩል ይሁን ተባለ፤ በግቢው የሳቸውን ቃል የሚጥል የለም። ከዚያ ጭማሪው 12 ላይ ተጨባበጡ። ከዚህ ውስጥ 2ቱ የኮርኒሱ ነው። 10ሩ እንግዲህ የሦስት ፎቅ ደረጃና ቤቱን መልሶ የመሸጥ ችግሩ ነው፤ ከግሮሰሪው ጫጫታ ጋር ተቻችሎ። ሮቶውን ስትጨምርበት እናትየውን ያስወጣቸው 14 ሆነ።

ለእኔ 12 ትንሽ ከበድ ይላል፤ 10 ብዬ ነበር የገመትኩት። ግን እናትየው ሌላ አንደኛ ፎቅ ፍለጋ ቢወጡ ደላላ መክፈል፣ ግቢና እድር መቀየር፣ ጎረቤት ከዜሮ መልመድ ነበረባቸው። እሳቸው ይህን ከእኔ በተሻለ ገምተውታል።

ውሉ ላይ ብዙ አልቆይም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ቀርቦ መመዝገብ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የሚለው ይህንኑ ነው። ቅያሪ ነው ብሎ በሽማግሌ ፊት ተፈራርሞ መቅረት አደጋ አለው። የባልና ሚስቱ ቤት ላይ ዕዳ ስለነበረ ጭማሪው መጀመሪያ ባንክ ገብቶ ዕዳው ተዘግቶ፣ ባንኩ መያዣውን ከለቀቀ በኋላ ነው ስም የዞረው። ብሩ በባልና ሚስቱ እጅ አላለፈም፤ ይህን አጥብቄ ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ያልተዘጋጁበት ወጪ ነበር፤ ቤቶቹ ሁለት ስለሆኑ የስም ማዞሪያውም የቴምብር ቀረጡም የሚታሰበው በሁለቱም ላይ ነው። ቅያሪ የሚያስብ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ይደምረው።

ዕቃ የተለዋወጡት በአንድ ቀን ነው። ጫኝና አውራጆቹ ለሚወርደው አንድ ዋጋ፣ ለሚወጣው ሌላ ዋጋ ጠየቁ፤ ለሚወጣው የበለጠ።

ወሬው ግቢው ውስጥ ሲሰማ የሦስተኛ ፎቁ ነዋሪ ሒሳብ ሠራ። "ሦስት ፎቅ 12 ከሆነ አንድ ፎቅ 4 ነው፤ የእኔ ቤት እንግዲህ 92" ብሎ ለደላላ ሰጠ። እንዲህ አይካፈልም። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲወጣ የሚቀነስ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ግሮሰሪው ስለሚርቅ እንዲያውም ይጨምር ይሆናል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ውሃው መድከም ይጀምራል። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ደግሞ ቆርቆሮው ይመጣል። ለሦስተኛ ፎቁ እኔ 95 እንኳ እሰጠው ነበር፣ ውሃው መፍትሔ ካገኘ። እሱ ግን ሮቶ አላስገባም። ቤቱን ሊያዩ የሚመጡት ሰዎች በር ላይ ቆመው መጀመሪያ የሚጠይቁት "ውሃ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?" ነው፤ እሱ ደግሞ የሚመልሰው "ሌሊት" እያለ ነው።